ሰባተኛው ፊርማ

የሚስ ፕሩዊት የዓለም ታሪክ ክፍል ደንብ አራት ገጽ ነው። ስልክ በሩ ላይ በተሰቀለው ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ሦስት ጊዜ ያረፈደ ከትምህርት በኋላ ይቀራል። የቤት ሥራ አንድ ቀን ከዘገየ አሥር ነጥብ ይቆረጣል፤ «ፕሪንተሩ እምቢ አለኝ» ምክንያት አይሆንም። ዘጠነኛው ደንብ በደማቁ ተጽፏል፦ የሰው ሥራ የገለበጠ ወይም የሰው ፊርማ አስመስሎ የፈረመ ተማሪ ከክፍሉ ይሰናበታል። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ወላጅ ራሱ የሚፈርምበት መስመር አለ።

ሊልበርን ከተማ ባለው ትምህርት ቤት ይህ ክፍል እንደ ኮሌጅ ትምህርት ይቆጠራል። ወንበሩ ሃያ አራት፣ ፈላጊው ስልሳ ነው። ኑሃሚን ሙላው አንዷን ወንበር ለማግኘት ሁለት ዓመት ጠብቃለች። አሁን ከወጣች የሚመልሳት የለም።

አባቷ ሙላው ኮሌጅ ፓርክ በሚባል ከተማ የአንድ ሆቴል ሸትል ይነዳል። መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት ያመላልሳል። ውሸት ሲሰማ ጆሮው የሚቀላ፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው። በዚህ አገር ያቃተው ነገር ቢኖር ፖስታ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፍና «ኑሃሚን፣ ነይ ተመልከቺልኝ» ብሎ ወደ ሶፋው ይሄዳል። የመኪናው ኢንሹራንስ መቼ እንደሚታደስ የምታውቀው እሷ ናት።

የሚስ ፕሩዊት የመጀመሪያ ትምህርት «አንድ ሰነድ እውነተኛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?» የሚል ነበር። መልሱ ቀላል ነው አለች፤ ያው ሰው ከጻፋቸው ሌሎች ሰነዶች ጋር ማስተያየት። ይህን ስትል ደስ ይላታል። በዚህ ዘዴ ተሳስታ አታውቅም።

ዓርብ ዕለት የተፈረሙትን ደንቦች ስትሰበስብም ልማዷ አልለቀቃትም። የኑሃሚን አባት ፊርማ ዓይኗን ያዘው። እየተንገዳገደ ከመስመሩ ወርዷል፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ተሰርዟል። ቢሮ ሄዳ የልጅቷን ፋይል አስወጣች። የአደጋ ጊዜ ካርድ፣ የጉዞ ፈቃድ፣ የምሳ ፎርም፣ በጠቅላላው ስድስት ፊርማ አገኘች። ስድስቱም አንድ ናቸው፦ ትልቅ ኤም፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ ጫፉ የተጠቀለለ። ሰባተኛው ግን ዘመዳቸው እንኳ አይመስልም።

ሰኞ ኑሃሚንን ከክፍል በኋላ አስቀረቻት።

«ይህን ማን ፈረመው?»

«አባቴ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ደንቡ ወላጅ ራሱ ይፈርም ይላል። አነበብኩለት፣ ራሱ ፈረመ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ነው፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ።»

ሚስ ፕሩዊት ዝርዝር የበዛበት መልስ አትወድም። ስድስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ኑሃሚን ስታያቸው ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባቴን ይጠይቁት» አለች። «እነዚህን ግን...» ብላ አቋረጠች።

ክንዷ ሥር ያለው ደብተር ጀርባ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የአባቷ ፊርማ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ነበር። አንደኛው ከስድስቱ አይለይም። ሚስ ፕሩዊት አየችው፤ ነገሩም ገባት። ልጅቷ ስትለማመድ ተሳክቶላት፣ ደንቡ ላይ ስትደርስ እጇ ተንቀጥቅጧል። አዘነችላት። ብታዝንም ደንብ ደንብ ነው።

ሙላው ማክሰኞ ተጠራ። ተማሪ ለገዛ ወላጁ አያስተረጉምም የሚል ሌላ ደንብ ስላለ፣ ነጅዋ የምትባል አስተርጓሚ መጣች፤ ወሎ ተወልዳ ያደገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ አባትና ልጅ ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«አባዬ፣ ፕሊስ፣ እውነቱን ብቻ ንገራት፣ ኦኬ?»

«የቱን?»

«የዚህን ወረቀት! ላይክ፣ ሌላ ነገር አታንሳ።»

«እሺ፣ እሺ። ሽፍት ቀይሬ ነው የመጣሁት፣ ቶሎ ይልቀቁን ብቻ።»

ነጅዋ ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ያለ ምክር ስንቱን ወላጅ ሲያስዋሽ አይታለች።

ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ነጅዋ ክሱን ከነዘጠነኛው ደንብ አስረዳችው። የሙላው ጆሮ ቀላ።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ። «በገዛ እጄ። ልጄን ሌባ አታድርጓት፣ የኔ እህት።»

ነጅዋ ተረጎመች። ሚስ ፕሩዊት ፈገግ አለች። ልጁን ለማዳን የሚዋሽ አባት እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ስድስቱን ወረቀቶች ወደ እሱ ገፋ አድርጋ፣ አንድ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ጨምራ አቀረበችለት፤ ረጅም ነገርም ተናገረች።

«አቶ ሙላው» አለች ነጅዋ፣ «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነው የምትለው። ሰው ይዋሽ ይሆናል፣ ሰነድ ግን አይዋሽም ትላለች። እዚህ ባዶው ላይ ልክ እንደነዚህ እንደ ስድስቱ አድርገው አንዴ ይፈርሙ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።»

ኑሃሚን ዓይኗን ጨፈነች።

ሙላው መነጽሩን አደረገ። ስድስቱን ወረቀቶች አንድ በአንድ አነሳ፣ አየ፣ መልሶ አስቀመጠ። ፊቱ ፈታ አለ፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ታየበት። እስክሪብቶውን አነሳና ለልጁ ዘረጋላት።

«እነዚህንማ የምትፈርሚው አንቺ አይደለሽ እንዴ? እንኪ፣ ፈርሚላትና እንሂድ።»