ምሳ ላይ የቀረው ሳቅ

የእንቁጣጣሽ ቴአትር ላይ ዘንድሮ እያንዳንዱ ወንበር ከፊቱ በተገጠመለት ስክሪን ለተቀመጠበት ሰው ብቻ የሚስማማ ታሪክ ያሳያል። «ይሄ ይሻላል፣ ያ ይሻላል» የሚለው የልጆቹ ጭቅጭቅ ያንገሸገሸው ይድነቃቸው፣ ሁሉም ለየብቻው ሲስቅ አይቶ «ተገላገልኩ!» ብሎ ነበር።

ድሮ ከቴአትር መልስ ምሳ ላይ እሱ የተዋናዩን ንግግር እያስመሰለ ሲጀምር ልጆቹ ተሻምተው ይጨርሱለት ነበር። ዛሬም እንደ ልማዱ ጭልፋውን እንደ ዱላ ይዞ ተነሳና ወንበሩ ላይ ያየውን የሰካራም ዘበኛ ንግግር ጀመረ። የሚጨርስለት ጠፋ።

«አባዬ፣ እኔ ያየሁት ላይ ዘበኛ የለም እኮ» አለች ትንሿ ማኅደር፣ አሳዝኗት።

ጭልፋውን መልሶ ተቀመጠ። ሚስቱ ሰብለ ወጥ ስትጨምርለት የሆነ ነገር ትዝ ብሏት ብቻዋን ሳቀች።

«ምንድነው? ንገሪኝ እስቲ።»

«ተወው» አለችው፣ «አንተ አታውቀውም።»