ፀሐይ የሚያነጣው ሸሚዝ

እትዬ ዲሪቤን እስከ ዛሬ የሚቆጫቸው፣ በባላቸው በጋሽ ኪቲላ ሠልስት ማግስት የሟቹን ሸሚዝ ፀሐይ ላይ ማስጣታቸው ነው። ልጃቸው አሜን ከምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያመጣችላቸው ነጭ ጥጥ ነበር፤ በዓይን የማይታይ ብናኝ ስለተቀባ፣ ፀሐይ ሲያገኘው እድፉን ራሱ ያጠፋል። ቀትር ላይ የአንገትጌው ላብ ከነጠረናቸው ጠፍቶ ነበር።

በአርባቸው ሌላውን ልብስ ለነዳያን ሰጥተው፣ ይህን ትልቁ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። በሳምንቱ ሲከፍቱት አንገትጌው አድፏል። አሰጡት፤ ነጣ። በማግስቱ ዳግመኛ አድፎ አገኙት።

ለአሜን ደወሉላት።

«እማዬ፣ ሰው ካልለበሰው እኮ አያድፍም» አለች። ቀጥላም፣ «እስቲ ዛሬ አታስጪው» አለቻቸው።

አላሰጡትም። አጥፈው መልሰው ቆለፉበት፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት። በመቱ ከተማ ዝናቡ ሲወርድ አደረ።

ጠዋት ሲከፍቱ ሳጥኑ ደረቅ ነው፤ የሸሚዙ ትከሻ ግን ርሷል። ጋሽ ኪቲላ ዣንጥላቸውን ረስተው መውጣት ልማዳቸው ነበር።

እትዬ ዲሪቤ ለማንም አልተናገሩም። አመሻሹ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የባላቸውን ዣንጥላ አውርደው ከሸሚዙ ጎን አጋደሙትና ሳጥኑን ቆለፉ።

በማግስቱ ሸሚዙ ደረቅ ነበር። ዣንጥላው ያንጠባጥባል።