የጫማ ሰፊው ጣት

ጫማ ሰፊው ስኳር ከያዘው አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። አምና እግሩን እንደ እሳት ያቃጥለው ነበር። ዘንድሮ ማቃጠሉ በራሱ ጊዜ ለቀቀው፤ ሚስቱም ተመስገን አለች።

አሁን ያስቸገረው ትንፋሽ ነው። ተቀምጦ ሲሰፋ ደህና ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ግን ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ያህል ይታፈናል። ማጎንበስም ስላቃተው ጫማውን የምታጠልቅለትም የምታወልቅለትም እሷ ሆነች።

ሚስት ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ማስቲሽ ነው። ሠላሳ ዓመት በጠባብ ክፍል ማስቲሽ ሲያሸት የኖረ ሰው ሌላ ምን ይነካዋል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ሱቁን ዝጋ አለችው። እሱ ወይ ፍንክች። ከዚያች ሱቅ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሐኪሟ ሳንባውንም ልቡንም መርምራ ምንም አጣች። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ እንደሚጎዳ፣ ብዙ ባያጋጥምም ትንፋሽ የሚስበውን ጡንቻ የሚያዘውን ነርቭ ጭምር እንደሚያደክም ነገረቻቸው።

“አባቴ፣ እግርዎን ያቃጥልዎታል?”

“ኧረ ምንም አይለኝ፣ ልጄ።”

ጫማውን አውልቆ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ካልሲው መቀደዱ ትዝ ሲለው አፈረና ሌላ ቀን አላት። ውጪ ወረፋው ረጅም ነበርና እሷም አልጫነችውም።

ስለዚህ በማስቲሹ ተፈረደበት። ሚስት አለቀሰች፣ ለመነች፤ ባል አንጀቱ እያረረ እሺ አለ።

በመጨረሻው ቀን የቀሩትን ጫማዎች ለባለቤቶቻቸው መለሰ። እንደ ልማዱ ጣቱን እየሰደደ የእያንዳንዱን ውስጥ ዳበሰ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ደንበኛ እንኳ ሚስማር ወጋኝ ብሎት አያውቅም። የራሱን ጫማ ተረከዝ ግን በዚያው ጠዋት በጥድፊያ በሚስማር መትቶ፣ ውስጡን ሳይዳብስ ሚስቱ አጥልቃለት ነበር የወጣው።

ሱቁን ቆለፈ። ቤቱ ድረስ በእግሩ ሄደ። አልጋው ላይ ጋደም ቢል ያው መታፈን ነው፤ ተነስቶ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

“ታገስ እንጂ፤ የሠላሳ ዓመት ማስቲሽ በአንድ ቀን ይወጣል?” አለችው።

ከፊቱ ተንበርክካ ጫማውን ሳበች። አልወልቅ አላት።

በኃይል ስትጎትተው የእግሩ ተረከዝ ሥጋ ውስጥ ተሰክቶ የዋለው ሚስማር ከነደሙ ተነቅሎ ወጣ፤ እሱ የሱቁን ቁልፍ እያገላበጠ “አወለቅሽው እንዴ?” አላት።