አምባሩ ማን እጅ ላይ ነው?

«ቶሎ በል እንጂ ግርማቸው! ሥራው እኮ ቆመ!» ፎርማኑ ይጮኻል።

መካኒኩ ግርማቸው የኤክስካቫተሩን ባልዲ መሬት አስነክቶ ሞተሩን አጥፍቷል። ሞተር ስለጠፋ ብቻ ቱቦው ውስጥ የታመቀው ዘይት ኃይሉን እንደማይለቅ፣ መጀመሪያ እጀታዎቹ ወዲያና ወዲህ መገፋት እንዳለባቸው ጠንቅቆ ያውቃል። ዛሬ ግን ዘለለው። መፍቻውን የቱቦው ብሎን ላይ አሳርፎ ቤት ደወለ።

መደወሉ ግዴታ ነው። ቸልተኝነትን ምክርም ቅጣትም አልገታው ሲል የወጣ ሕግ ነው፤ መካኒኩ ሲጎዳ፣ ቤት ውስጥ አምባሩን ያጠለቀው ሰው ሕመሙ እኩል ይሰማዋል፤ አምባሩን ያጠለቀ ሰው ከሌለ ሥራ አይነካም። ስልኩ ሲጮህ ሚስቱ ውዴ ምድጃውን አጥፍታ፣ ቢላዋውን አስቀምጣ ትቀመጣለች።

«ተቀመጥሽ?»

«ተቀምጫለሁ አባዬ።»

የስምንት ዓመቷ ልጁ ሶስና ናት። ድምጿ ታፍኗል።

እጁ መፍቻው ላይ ደረቀ። «እናትሽስ?»

«ጤና ጣቢያ ሄደች። አምባሩን አውልቃው ስለሄደች፣ ሥራ እንዳትፈታ እኔ አጠለቅኩት።»

ስልኩን ሳይዘጋ ጋቢናው ላይ ወጣና እጀታዎቹን አንድ በአንድ ገፋ። ከሥር ፍሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሊፈታው የነበረው ቱቦ ተንፈራግጦ ላላ።

«ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው የታፈነው?»

«ፎጣ ነክሼ ነዋ። እማዬ እንደዚህ ነው የምታደርገው።»

«ሲያማት?»

«አይ፣ አንተ በደወልክ ቁጥር።»