ሁሉም የጠበቁት ድምፅ
ጡረተኛው ዳኛ፣ ምራታቸው ትራሳቸውን እያስተካከለችላቸው ሳለ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ረጅም፣ የማያሻማ ድምፅ አመለጣቸው። በሰው ፊት ማዛጋት እንኳ የሚያፍሩ ሰው ናቸውና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። ሐኪሙ ካንሰር የያዘውን አንጀታቸውን ቆርጦ ጤነኛውን ከገጠመ ወዲህ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይህንኑ ነበር የሚጠብቀው፤ አየር ካልወጣ አንጀቱ መሥራቱ አይታወቅም፣ ምግብም አይፈቀድም።

«አባባ ፈሱ» አለች ምራታቸው በአንቱታ፣ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች። ነርሷ አጨበጨበች። ሐኪሙም በበሩ ብቅ ብሎ፣ «እውነት ወጣ?» ሲል ጠየቀ።

ዳኛው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይቶ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ ስፌታቸውን በእጃቸው ደግፈው እየሳቁ ነበር።

«ምስክር አለኝ» አሉ ወደ ምራታቸው እየጠቆሙ። «አሁን ሾርባዬ ይምጣልኝ።»