የጤናዳሙ ጠርሙስ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። የወሎ ሰፈሩን መካኒክ የጉግሳን ነገር ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ነው፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብላ በነበረች አንዲት ትንሽ ሆስፒታል።

ጉግሳ አልጋው ላይ ተጋድሞ እጆቹን ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቋል። ይንቀጠቀጣል። ካቲካላ ካቆመ ገና ጥቂት ቀኑ ነው፤ ላቡ አንሶላውን አርሶታል፣ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ጎድጉዷል። ነርሷ ሣባ የደም ግፊቱን ለክታ ኪኒኑን አስዋጠችውና፣ «የወንድሜ ሴይቼንቶ መኪና ዳገት ላይ እየለገመች አስቸግራዋለች፤ ይኼን እጅህን ቶሎ አርጋልኝ» ብላው ሄደች። ሊስቅ ፈለገ፤ አቅም አጣ።

ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮታል። የለመደ ሰውነት መጠጥ በአንዴ ሲቀርበት ይደነግጣል፤ ኪኒኑን እየቀነሱ የሚሰጡት ለዚህ ነው። በኪኒኑ ላይ መጠጥ ከተጨመረ ግን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ይኼ ደግሞ መጀመሪያው ነው፣ ዋናው ሥራ ከዚህ ከወጣህ በኋላ ነው አለው። ጉግሳ ያን ሲሰማ ይበልጥ ደከመው። ሚስቱ ፍረወይኒ ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገብታለች፤ መጠጡን ትቶ ካልመጣ አልመለስም ብላለች።

በመጠየቂያ ሰዓት እናቱ ወይዘሮ የሺአረግ ገቡ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ቢያልፋቸው ከሾላ በእግራቸው ነው የመጡት። ግንባሩን ዳሰሱ፣ መንቀጥቀጡን አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ዙሪያቸውን ቃኘት አድርገው ከነጠላቸው ሥር ጠርሙስ አወጡ።

ክዳኑ ላላ ሲል ሽታው ደረሰው። ነጭ ሽንኩርት፣ ጤናዳም፣ ማር። ከእነሱ ሥር ደግሞ ያ ሌላው። አፉን ምራቅ ሞላው።

«እማዬ፣ በምን ዘፈዘፍሽው?»

«በምን ይዘፈዘፋል? በካቲካላ ነዋ። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ቢጠፋ ማር ጨመርኩበት። ይኼ እኮ መጠጥ አይደለም ልጄ፣ የብርድ መድኃኒት ነው።»

አልዋሹም። ሰፈሩ ሁሉ ለጉንፋኑም ለሆድ ቁርጠቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ደግሞስ አምና፣ ጎረቤቶች እናስተወዋለን ብለው ቤት ቆልፈውበት፣ ጉግሳ አረፋ ደፍቆ የወደቀ ጊዜ፣ ነፍሱ መለስ ሲል በዚሁ በማንኪያ ከንፈሩን ያራሱለት እሳቸው ናቸው። ያኔ መንቀጥቀጡ ቆመ። በዓይናቸው አይተዋል።

ጠርሙሱን ተቀበላቸው። ጉድ እኮ ነው፣ ኪኒን ያላረጋው እጅ ጠርሙሱን ሲጨብጥ ረጋ። ነርሷን ልጥራ አለና እናቱን በሰው ፊት ሲቆጧቸው ታየው፤ ተወው። ልጠጣ አለ፤ ማንም አያይም። ክዳኑን መልሶ አጠበቀና ደረቱ ላይ አስቀመጠው።

«እማዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ከኪኒናቸው ጋር ይኼን ከጠጣሁ ይገድለኛል። ወስደሽ ድፊልኝ። ከዚያ ተመለሽ፣ እንዳትሄጂብኝ።»

የወይዘሮ የሺአረግ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ እኮ ላድንህ ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ።»

በመስኮቱ አያቸው። ግቢው ጥግ ካለው ጽድ ሥር ጎንበስ ብለው፣ ልጅ የሚያስተኙ ይመስል ቀስ አድርገው ደፉት። ተመልሰው አጠገቡ ተቀመጡና እጁን ያዙት። መንቀጥቀጡ መጥቷል። ሲደፉ ፈሶባቸው ኖሮ ጣቶቻቸው ያንኑ ይሸታሉ፤ እሳቸው አላወቁም።

ጉግሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጃቸውን ግን አልለቀቀም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ድካም በበረታባችሁ ቀን ይኼን ሰው አስቡልኝ፤ ፊቱን አዙሮ የእናቱን እጅ የያዘውን።