የድንጋይ መፍጫው ንዝረት

«ጫማዎን ሳይጠርጉ ነው የሚገቡት?» ትላለች የእሳተ ገሞራ መከታተያው ኃላፊ፣ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሣ።

ሰውዬው ተመልሶ በሩ ላይ ይጠርጋል። በእሳተ ገሞራው ዙሪያ የተቀበሩትን የንዝረት መመዝገቢያዎች ባትሪ የሚቀይረው እሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ ጋሽ ባትሪ ነው የሚለው። ኃላፊዋ ከቁብ አትቆጥረውም። ባትሪ ተሸክሞ ተራራ መውጣትማ በቅሎም አያቅታትም ባይ ናት።

ለነገሩ እሷ ማንን ከቁብ ትቆጥራለች? የከተማው አስተዳዳሪ ለእሷ ወንበር አሟቂ ነው። ጋዜጠኞቹ ማግማ የሳሙና ስም የሚመስላቸው ናቸው። የገዛ ታላቅ እህቷን እንኳ ስልክ አንሥታ የምታናግራት እየታከታት ነው። እህቷ ከነልጆቿ፣ ከተራራው ሥር ከተነሡት አራት ሺህ ሰዎች ጋር፣ ሃያ ቀን ሙሉ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኝታለች። በየቀኑ እየደወለች «ያንቺ ተራራ መቼ ነው የሚለቀን?» ትላለች። ያስነሣቻቸው ኃላፊዋ ናት። ያኔ ተራራው ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ግን ጸጥ ብሏል። ፊቷ ያለው ደብዳቤ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ የሚል ነው። አውቶቡሶቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሰዉን ከነፍራሹ ጭነው፣ ሞተር አስነሥተው፣ የእሷን ፊርማ ብቻ ይጠብቃሉ።

«ምን ነበር?»

«የባትሪውን ሪፖርት ላስረክብ ብዬ ነው፣ ዶክተር። ሦስቱም ጣቢያ ደኅና ነው።»

«ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡትና ይሂዱ።»

ያስቀምጣል፤ አይሄድም። ቆሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ስክሪን ያያል። እሷ ብዕሯን እንዳነሣች ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቧ ተገትሮ መፈረም አትወድም።

ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ ምድር ስታርፍ የሚሰመረው ዓይነት። ከሥሩ ፕሮግራሟ በየማለዳው የሚጽፈው ዐረፍተ ነገር ይነበባል፦ «የድንጋይ መፍጫ ንዝረት ተሰርዟል።» ፕሮግራሙን የጻፈችው ራሷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ተራራው ግርጌ ጠጠር ማምረቻ ሲከፈት፣ የመፍጫው ማሽን ጉርምርምታ ከምድር ሥር ካለው ቅልጥ አለት፣ ከማግማው፣ ጉርምርምታ ጋር እየተመሳሰለ አላሠራ አላት። አንድ ወር እንቅልፍ አጥታ፣ ያ ድምፅ ያለበትን ሰዓት ሁሉ ለቅሞ የሚጥል ማጣሪያ ሠራች። በሦስት ጉባኤ ተጨብጭቦላታል። ያልተጨበጨበላት አራተኛው ጉባኤ ደንቆሮዎች የሞሉበት ነበር።

«ዶክተር፣ ይሄ የቱ መፍጫ ነው?» ይላል ጋሽ ባትሪ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት፣ ትላለች በልቧ።

«ስንት መፍጫ አለ? የጠጠር ማምረቻው ነዋ። መንገድዎ ላይ አይደል እንዴ?»

«መንገዴ ላይማ ነው። እሱ ግን ቆሟል።»

«ዛሬ?»

«ኧረ ከቆመ ሃያ ቀኑ። ሠራተኞቹ ከሰዉ ጋር ተነሥተው የለም እንዴ? ዘበኛው እንኳ ዶሮዎቹን ይዞ ነው የወጣው። ትናንት ሳልፍ መፍጫው አፍ ላይ እርግብ ጎጆ ሠርታ አየሁ።»

ነገር መወርወሩ አይደለም። ያየውን ነው የተናገረው።

ኃላፊዋ ልትስቅ ትሞክራለች። ባትሪ ቀያሪ ስለ ማግማ ሊያስተምራት! ልታስወጣው አፏን ስትከፍት ግን የገዛ ትእዛዟ ትዝ ይላታል። በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ይነሣ ብላ የፈረመችው እሷ ናት። ጠጠር ፈጪዎቹ ሰው አይደሉም ወይ? አራት ሺህ ሲባል እነሱም አሉበት። በገዛ ትእዛዟ መፍጫውን አስቁማ፣ በየማለዳው መፍጫው ተሰርዟል የሚለውን እያነበበች ደስ ሲላት ከርማለች። ታዲያ ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ ቀን የማንን ድምፅ ነው የሰረዘው?

ማጣሪያውን ታጠፋዋለች።

ቀጥ ያለው መስመር ይጠፋል፤ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በንዝረት ይጠቁራል። በንዝረቱ መሐል ተውጠው የቀሩት ትንንሽ ርዕደ መሬቶች እየተለቀሙ ይደረደራሉ። የመጀመሪያዎቹ፣ ሰዉ በተነሣ ማግስት የነበሩት፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ናቸው። ሳምንት ቆይቶ ስድስት፣ ከዚያ ሦስት። የዛሬ ጠዋቶቹ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞሉም። ማግማው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ላይ ሲመጣ ሰንብቷል።

ክው ትላለች። ሰው መናቅ ድሮም ትችልበታለች፤ ራሷን ስትንቅ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ስልኩ ይጮኻል። አስተዳዳሪው ነው።

«ዶክተር፣ አልፈረሙም እንዴ? አውቶቡስ ውስጥ ሰው በሙቀት ሊያልቅ ነው እኮ።»

«ያስወርዷቸው» ትላለች። «ማንም እንዳይሄድ። ማግማው አፋፍ ደርሷል።»

«ምን? አሁን ዝም ብሏል አላሉም? መቼ ጀመረው?»

ዛሬ ጠዋት ብትል ማን ያውቅባታል? አስተዳዳሪው መርምሮ አይደርስበትም፤ ጋዜጠኞቹማ የተሰጣቸውን ነው የሚጽፉት። የሚያውቅ ቢኖር ጋሽ ባትሪ ነው፣ እሱን ደግሞ ማን ይሰማዋል? እንደ ቆመ ስክሪኑን ያያል እንጂ ወደ እሷ እንኳ አልዞረም።

«ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት» ትላለች።

ከአስተዳዳሪው ጀርባ የሞተር ድምፅና የሕፃናት ለቅሶ ይሰማል።

«እና ይሄን ሁሉ ቀን ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ስሰርዘው ነበር» ትላለች።